ቬይሰል ኡስታ ከኤርዙሩሙ አማቻቸው ጋር ወደ ፍልውሃ የዘመቱበት ዜና

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፤ በዚያም ወራት ሆነ። ሰዳዴ ቊር ቬይሰል ኡስታ፣ ማለት ብርድን ከቡርሳ ከተማ ቤቶች ሁሉ በጥጥ ብርድ ልብስ ያባረሩት ሰፊ፣ ወይዘሮ ሙዜየንን ባገቡ በሠላሳ አንደኛው ዓመተ ትዳር፣ ግራ ጉልበታቸው በጌታው ላይ ባመፀ በአራተኛው ዘመን፣ የኡሉዳግ ተራራ ነጭ ቆቡን ደፍቶ ከተማይቱን ቁልቁል በሚያይበት በወርኃ ኅዳር፣ ወደ ጥንታዊው ጉልላታም ፍልውሃ ዘመቱ። የዘመቻውም ምክንያት እንደሚከተለው ነው።

ጌታችን ቬይሰል ኡስታ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ስሟ ፌራይ ይባላል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በየማታው ወደ ሱቃቸው ጎራ ብላ ለነገው ስፌት መርፌያቸው ላይ ክር የምታስገባላቸው እርሷ ነበረች። ይህችንም ልጅ ከምሥራቅ ከኤርዙሩም መጥቶ በመኪና ፋብሪካ የሚሠራው ኦርሁን ወደዳት፣ እርሷም ወደደችው፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ቀለበት ታሰረ፤ እስከዚህ ድረስ በምድር ሁሉ ሰላም ነበረ። ነገር ግን የኦርሁን አባት ዙህቱ ቤይ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም፣ ድምፃቸው ፊሽካ የመሰለ፣ ባቡር በማይደርስባት ከተማ ሠርግ መጠራታቸው ክብራቸውን ነክቷቸው፣ ከአውቶቡስ ገና አንድ እግራቸውን ሲያወርዱ ይህን አዋጅ በመናኸሪያው አስነገሩ፦

«ሠርጉ እዚህ ይሁን፣ ግድ የለኝም። ኑሮው ግን ኤርዙሩም ነው። ላይኛውን ፎቅ ቀለም አስቀብቻለሁ፣ ምድጃም አስገብቻለሁ፣ ለልጄም ባቡር መሥሪያ ቤት ሥራ ለምኜለታለሁ። አለቀ።»

ቬይሰል ኡስታም የገዛ ቤታቸውን ላይኛውን ፎቅ ለሙሽሮቹ ቀለም አስቀብተው ከጨረሱ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ፌራይ ኤርዙሩም ከገባች የሚያዩዋት በበዓል ነው፤ መንገዱ በበረዶ ካልተዘጋ። ይህን ባሰቡ ጊዜ ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።

አሁን የቡርሳን የፍልውሃ ሕግ ስማ። ከሠርግ በፊት ሙሽራው ከሁለቱም ወገን ዘመዶች ጋር ይታጠባል፣ ሁለቱም አባቶች በሙቁ ገንዳ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በሙቁ ገንዳ ውስጥ የተነገረ ቃል አይታጠፍም፣ ከገንዳው ቀድሞ የወጣ ግን ቃል የለውም፤ ዝም ብሎ ፎጣውን ይለብሳል። እንግዲህ የፌራይ መኖሪያ በዚያ ውሃ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል፣ ማንም ግን አልተናገረውም።

ጌታችን ሙቀቱን አልፈሩም፤ ተወልደው ያደጉበት ነው። የፈሩት ሪፍቂን ነው። ሪፍቂ የፍልውሃው ገላ አሺ ሲሆን፣ ሰውን በእብነ በረዱ መደብ ላይ አስተኝቶ በሻካራ ጓንት ባሸው ጊዜ የሰውየው እድፍ እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ ሪፍቂም ለሥራው ማስታወቂያ እንዲሆን ከፍ አድርጎ ለሕዝብ ያሳያል። በጓደኛ ፊት ይህ ሳቅ ነው። በአማች ፊት፣ ያውም የኤርዙሩም በረዶ ሲያጥበው በኖረ አማች ፊት፣ ውርደት ነው። ስለዚህ ቬይሰል ኡስታ በዘመቻው ዋዜማ ከቀትር በኋላ በገዛ ቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ገብተው፣ በር ቆልፈው፣ ሻካራውን ጓንት አጥልቀው፣ ማንም ጠላት ፈጅቷቸው በማያውቀው ሁኔታ ራሳቸውን ፈጁ። ወይዘሮ ሙዜየንም ከበሩ ውጭ ቆመው አወጁ፦

«ቬይሰል! ምንድን ነው የምትፍቀው? ግድግዳውን ነው? ነገ ሊያጥቡህ ዛሬ ትታጠባለህ? ሰው ሲያይህ እንዲህ አይነት ጅል ነው ያገባችው ይለኛል እኮ።»

ጌታችንም ጓንቱን ወደ ሌላው ክንዳቸው አሻገሩ። በወጡም ጊዜ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት እንደ ቀይ ሥር ነበሩ።

በማግሥቱ ከቤታቸው ተነሥተው በዳቦ ቤቱ ደጅ ሰፈሩ፤ ከዚያም ተነሥተው በሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ፍልውሃው ሰፈር ወጡ። የተከተሏቸውም መኳንንት እነሆ፦ የሚስታቸው ወንድም ጄዝሚ፣ ባለ ሙሉ ሥልጣን የሽርጥና የፎጣ ጠባቂ፣ በቀልድ እንጂ በጉልበት ያልተፈተነ፤ ሥጋ ሻጩ ኔጃቲ፣ የመንደሪኑን ከረጢት የተሸከመ፣ ግማሹንም በመንገድ የጨረሰ፤ ሙሽራው ኦርሁን፣ በሁለት አባቶች መካከል ተቀምጦ ወደ የትኛው መስኮት እንደሚያይ የቸገረው፤ በመጨረሻም ዙህቱ ቤይ ራሳቸው፣ በሚኒባሱ መነሻ ሰዓት መዘግየት የተቈጡ። በደረሱም ጊዜ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሽርጥ ታጥቀው፣ የእንጨት ጫማቸውን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ፣ እንፋሎቱ ጉልላቱን በሞላበት አዳራሽ ገቡ።

ሁለቱም አባቶች ወደ ሙቁ ገንዳ ወረዱ። እዚህ ላይ ብዕራችን ይንቀጠቀጣል። የምድር ሆድ ያፈላው ያ ውሃ በተላጠው የቬይሰል ኡስታ ቆዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ሚጥሚጣ የተነሰነሰባቸው መሰላቸው፤ ዓይናቸው በእንባ ሞላ፣ ጥርሳቸውን ነከሱ፣ ነገር ግን እስከ አንገታቸው ጠልቀው ተቀመጡ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የተባለው በጌታችን ደረሰ። ቢወጡ ፌራይ ሄደች።

ከዚህም በኋላ በሁለቱ ነገሥታት መካከል መልእክት ተመላለሰ።

«ውሃው እንዴት ነው ዙህቱ ቤይ? ይሞቅብዎታል?»

«ለብ ብሏል። እኛ አገር በዚህ ሕፃን ነው የምናጥበው።»

«እንግዳ አለብን፣ ቀዝቀዝ አድርጉት ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለው አይቸገሩ። ፈልቶ ሲያበቃ ይንገሩኝ፣ ያኔ እገባበታለሁ።»

ይህንም ሲሉ የዙህቱ ቤይ ደረት ገና ወደ ገንዳው ሳይገቡ ጀምሮ ቀልቶ እንደ ነበረ ጌታችን በእንባቸው መካከል ትዝ አላቸው፤ ነገር ግን የኤርዙሩም ብርድ ነው ብለው አለፉት። ጄዝሚም ከገንዳው ዳር መንደሪን እየላጠ አወጀ፦ «እንግዲህ ሁለቱም በስለዋል። ጨው ያለው ሰው ያቀብለኝ፣ ሾርባው ደርሷል።»

ብዙ ጊዜ አለፈ። ከሁለቱም አንዱ አልወጣም፣ ከሁለቱም አንዱ ስለ መኖሪያው ነገር ሊናገር አልቻለም፤ አፋቸውን ቢከፍቱ የሚወጣው ጩኸት ብቻ ነበርና። በመጨረሻም ሪፍቂ ሽርጡን አጥብቆ፣ በገንዳው አፋፍ ቆሞ፣ ፍርድ ሰጠ፦

«ኧረ ውጡ እናንተ ሰዎች! ሠርግ ነው የተጠራሁት፣ ቀብር አይደለም። ባንድ ላይ ውጡ፤ ማንም አልቀደመም፣ ምስክሩ እኔ ነኝ።»

ወጡ። አስቀድሞም ቬይሰል ኡስታ በእብነ በረዱ መደብ ላይ በሆዳቸው ተኙ፣ ሪፍቂም ጓንቱን አጥልቆ ከትከሻ እስከ ወገብ ሳበው። ምንም አልወረደም። ደግሞ ሳበው፤ ምንም። ጓንቱን ገልብጦ አየው። ድምፁም በጉልላቱ ሥር አስተጋባ፦

«ቬይሰል።»

«አቤት።»

«የት ሄደህ ነው?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ይህን ጀርባ ጢም ሳታበቅል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትናንት ሰው ነክቶታል። ሌላ ፍልውሃ ሄደሃል፣ ሌላ ሰው አሽቶሃል፤ እኔ ምን በደልኩህ?»

ኔጃቲ በአፉ የያዘውን መንደሪን ማላመጥ አቆመ፤ በቡርሳ ሚስቱን የፈታ ሰው ምክንያት ይኖረዋል ይባላል፣ ገላ አሺውን የለወጠ ግን ሰላምታ አይሰጠውም። ጌታችንም ፊታቸውን በድንጋዩ ላይ ደፍተው አሰቡ። አዎን ሄጃለሁ ቢሉ ከሃዲ ናቸው፣ እውነቱን ቢናገሩ ዙህቱ ቤይ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይስቁባቸዋል፣ የተሳቀበት ሰው ደግሞ ስለ ልጁ መኖሪያ ምን አፍ ይኖረዋል? ነገር ግን ሪፍቂ ከልቡ አዝኖ ነበር፤ ይህንንም መቻል አቃታቸው።

«እኔው ነኝ» አሉ። «ትናንት ቤቴ ገብቼ ራሴን ፋቅሁት። ዙህቱ ቤይ ፊት እድፌን ከፍ አድርገህ ታሳያለህ ብዬ ፈራሁ። ይኸው።»

ሪፍቂም አላመነም። ጓንቱን በሁለቱ ትከሻ መካከል አሳርፎ ሳበው፤ ያን ጊዜ ከዚያች መዳፍ ከምታህል ስፍራ አንድ ወፍራም ግራጫ ጥቅል ወረደ። ፊቱ በራ። ከፍ አድርጎ አሳየ። «እውነቱን ነው! እጁ ያልደረሰባት ይቺውና!» ሕዝቡም ሳቀ፤ ጄዝሚ በሳቅ ከመደቡ ተንሸራቶ ወደቀ።

ዙህቱ ቤይ ግን አልሳቁም። ጉልበቴን ቆረጠመኝ፣ ለዛሬ ይቅርብኝ እያሉ በዝግታ ወደ በሩ ያፈገፍጉ ነበር። ኔጃቲና ጄዝሚ በክብር ማርከው አመጧቸው፣ በመደቡም አስተኟቸው። ሪፍቂ ጓንቱን ሳበ፤ ምንም አልወረደም። ቆዳቸውን ቀረብ ብሎ አየ፤ እርሳቸውም ተልጠዋል። ፈገግ ብሎ፣ አሁንማ አገኘሁህ በሚል እጅ፣ ወደ መሐል ጀርባቸው ሄደ። እዚያም ምንም አልነበረም።

«የእርስዎስ መሐሉም ጠርቷል» አለ ሪፍቂ። «ማን አሸልዎት?»

ኦርሁን አንገቱን ደፋ። ዙህቱ ቤይም ፊሽካ በሌለበት ድምፅ ተናገሩ፦

«ልጄ ነው። ትናንት ሆቴል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ጀርባዬን የሚያሸው እሱ ነበር። ወደዚህ ከመጣ በኋላማ... በዓል ሲሆን ነው። ሌላ ጊዜ ግድግዳ ላይ እታከካለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቬይሰል ኡስታም የተቀባውን የኤርዙሩም ላይኛ ፎቅ፣ የገባውንም ምድጃ፣ ለምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ አወቁ። ክር የሌለባት መርፌያቸው ትዝ አለቻቸው። ተነሡ፣ ከጥንት ጀምሮ ማንም ያላደረገውን አደረጉ፤ ጓንቱን ከሪፍቂ እጅ ወሰዱ፣ በዙህቱ ቤይ መሐል ጀርባም ላይ አሳረፉት፣ የነካም ያልነካም ሳይመስል አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ሳቡት።

«ስማ ዙህቱ» አሉ፤ እርስዎ የሚለው ቃል በዚያች ሰዓት ሞተ። «ልጆቹ የኔ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። አንተ ታች ከኛ ጋር ነህ። ጀርባህ የኔ ነው፣ የኔም ያንተ። ሐምሌ ሲመጣና ቡርሳ በበጋው ሙቀት ስትነድ ሁላችንም ኤርዙሩም ያንተ ፎቅ እንወጣለን።»

«እዚያ በሐምሌም ማታ ማታ ይበርዳል።»

«እኔ ምን እሠራለሁ ታዲያ? ብርድ ልብስ ሰፊ አይደለሁም?»

«እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይኸው ነው» አለ ጄዝሚ፤ ማንም አልሰማውም። ሪፍቂ ጣቱን ወደ ሙቁ ገንዳ ቀስሮ ነበርና፦ «እዚህ መደብ ላይ የተነገረ አይጸናም። ሕጉን ታውቃላችሁ።»

ኦ ጽንዐ ልብ! ሁለቱ የተላጡ አባቶች ተያዩ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ወደዚያ እሳት ዳግመኛ ወረዱ። ቃሉ በጩኸት ተነገረ፣ እሺታው በጩኸት ተሰጠ፤ ሁለቱም ባንድነት ዘለው ሲወጡ ውሃው እስከ ጉልላቱ ተረጨ ይባላል።

ከዚያም በኋላ ሠርጉ ሆነ። ዙህቱ ቤይ በቬይሰል ኡስታ ሳሎን ከተሙ፤ ጎሕ በቀደደ ቁጥር ከኤርዙሩም ወደ አንካራ የሚነሣውን ባቡር ለቤተ ሰቡ ሁሉ ያስታውቃሉ። ወይዘሮ ሙዜየንም «ታጥበህ ና አልኩህ እንጂ ጣቢያ ይዘህ ና አልኩህ?» የሚለውን አዋጃቸውን እስከ ዛሬ አልሻሩም፣ ነገር ግን ለዙህቱ ቤይ ሻይ ሲቀዱ ሁለተኛውን ሳይጠየቁ ነው። ፌራይም በየማታው ከላይኛው ፎቅ ወርዳ መርፌው ላይ ክር ታስገባለች።

እንግዲህ ሰዳዴ ቊርን፣ እሳት ደፋሪውን፣ ባለ ሁለት ጊዜ ቅቅሉን ቬይሰል ኡስታን የማያመሰግን ማነው? ሌሎች ነገሥታት ባሕር ተሻግረው ከተማ ያዙ፣ ምሽግ አፈረሱ። እርሳቸው ግን በሁለቱ ትከሻ መካከል ያለችውን፣ መዳፍ የምታህለውን፣ ማንም ሰው ብቻውን ሊደርስባት ያልቻለውን አገር ያዙ።