ለመሪጌታ የሚመጥን መንጠቆ

የጥሩሐረግ አንድ ተራ ቀን ሲታሰብ ይህን ያህል ይፈጃል፦ ከወንዝ ሦስት እንስራ ውሃ፣ ከወፍጮ ድንጋይ አንድ ቁና ማሽላ፣ ከባሏ ከምንዋጋው ደግሞ ቢያንስ አንድ ትምህርት። ውሃውና ማሽላው ወገብ ይቆርጣሉ፤ ትምህርቱ ግን ጆሮ ይበሳል። የዛሬው ትምህርት እነሆ፦

[ከጽጽቃ ቁልቁል ወደ ተከዜ በሚወርደው ወንዝ ዳር፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ከሰደደ ሾላ አጠገብ። ዘመኑ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም፣ ወቅቱ የገና ጾም ነው። ምንዋጋው በቀጥቃጭ ያሠራውን አውራ ጣት የሚያህል መንጠቆ ይዟል። ጥሩሐረግ በእንቁላል ለውጣ ከዓሊ ሱቅ ያመጣቻት መንጠቆ ግን ከጥፍሯ አትበልጥም።]

ምንዋጋው፦ ይቺን ነው መንጠቆ የምትዪው? እሾህ ማውጫ ናት እኮ!

ጥሩሐረግ፦ ያንተስ? ሥጋ ልትሰቅልበት ነው? ጾም መሆኑን ረሳኸው እንዴ?

ምንዋጋው፦ አንቺ ሴት፣ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን የሚመጡት ማን ናቸው?

ጥሩሐረግ፦ አጎትህ፣ መሪጌታ ገብረ ኪዳን።

ምንዋጋው፦ መሪጌታ! መሪጌታን ለሚያህል ሰው መዳፍ የምታህል ዓሣ ይቀርባል? መንጠቆ የሚመረጠው በእንግዳው ማዕረግ ነው።

ጥሩሐረግ፦ እኔ ጅሏ ደግሞ በዓሣው አፍ ይመስለኝ ነበር።

ምንዋጋው፦ በዓሣው አፍ! እንግዳችን ዓሣው ነው? ለመሆኑ ጣና ዳር ሁለት ቀን የሰነበተው ማን ነው?

ጥሩሐረግ፦ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። እኔማ እዚህ ውሃ ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ እግሬን ስነክር ነው የኖርኩት፤ ምን አውቄ!

ምንዋጋው፦ ውላችንንም እንዳትረሺ።

ጥሩሐረግ፦ እስቲ ድገመው፤ እንደምታውቀው ቶሎ አይገባኝም።

ምንዋጋው፦ ዛሬ ዓሣ የያዘው የኔ መንጠቆ ከሆነ፣ ልጃችን ወለተ ሰንበት እዚሁ ሆና ውሃ ትቀዳለች። ያንቺ ከሆነ፣ መሪጌታ ሰቆጣ ይወስዷትና ከቤታቸው እየተመላለሰች ትማራለች።

ጥሩሐረግ፦ በሚካኤል?

ምንዋጋው፦ በሚካኤል! የዳገቱ ጥላ የሾላውን ግንድ እስኪነካ ነው።

[ለዓሣው ማማለያ በቅል ካመጡት ሊጥ መንጠቆው ላይ እንደ ድፎ ጠፍጥፎ ይጥላል። ጥሩሐረግ የራሷን መንጠቆ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ትቀመጣለች። የሰባት ዓመቷ ልጇ ገና ከአሁኑ እንስራ ተሸክማ ትታያታለች።]

ምንዋጋው፦ አትጥይም?

ጥሩሐረግ፦ አዋቂ ሲሠራ ልይ ብዬ ነው።

ምንዋጋው፦ ይኸው ነካ! ገመዱ ሲንቀጠቀጥ አየሽ?

ጥሩሐረግ፦ አየሁ። ምን እያደረገ ነው?

ምንዋጋው፦ እያሰበ ነዋ! ትልቅ ዓሣ ሳያስብ አይበላም።

[ጎትቶ ያወጣዋል። ሊጡ ተልሶ መንጠቆው ያበራል።]

ጥሩሐረግ፦ አስቦ ጨረሰው።

ምንዋጋው፦ ሊጡ ቀጥኖ ነው! ጨምሪ!

[አምስት ጊዜ ይጥላል፤ አምስት ጊዜ ባዶውን ይወጣል። ሊጡ ከቅሉ ታች ደርሷል።]

ጥሩሐረግ፦ የወንዙን ዓሣ ሁሉ ሰንበቴ አበላኸው። መሪጌታ ብቻ ቀሩ።

ምንዋጋው፦ ዝም በይ፣ ታስበረግጊያቸዋለሽ! ጥላው ስንት ቀረው?

ጥሩሐረግ፦ አንድ ስንዝር።

[የመጨረሻውን ወደ ሾላው ሥር ይወረውራል። ገመዱ ይከብዳል።]

ምንዋጋው፦ ያዝኩ! ኧረ እርጂኝ! አዞ ነው እንዴ!

[መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ዘጠኝ ዓሣዎች ተሰልፈው ብቅ ይላሉ።]

ምንዋጋው፦ ዘጠኝ! በአንድ መንጠቆ ዘጠኝ! አንዱን ስይዘው ዘመድ አዝማዱ ተከተለ! ልጅቱም ቀረች!

ጥሩሐረግ፦ ምነው ታዲያ በሰልፍ መጡ?

ምንዋጋው፦ ማዕረግ ያውቃሉ!

ጥሩሐረግ፦ የታጠቁትስ ምንድን ነው?

ምንዋጋው፦ የታጠቁት... (ጎንበስ ይላል) ጨርቅ ነው። ቀይ ጥለት ያለው... ቆይ፣ ይሄ አምና ለጥምቀት የገዛሁልሽ መቀነት አይደለም?

ጥሩሐረግ፦ ግማሹ ነው። ግማሹ ወገቤ ላይ አለ። ጎህ ሲቀድ ውሃ ልቀዳ ወርጄ፣ በእሾህ ማውጫዋ አንድ በአንድ ይዤ፣ እንዳይሞቱ ውሃው ውስጥ ከሾላው ሥር ያሰርኳቸው ናቸው። እስቲ አፋቸውን እይ። አውራ ጣትህ ይገባል?

ምንዋጋው፦ (በትንሽ ጣቱ ሞክሮ) አይገባም።

ጥሩሐረግ፦ ያንተ መንጠቆ የያዘው መቀነቴን ነው።

ምንዋጋው፦ ታዲያ ያ ሁሉ ሊጥ ሲያልቅ ምነው ዝም አልሽ?

ጥሩሐረግ፦ ጠዋት ብነግርህ «ድንገት ነው» ትል ነበር። አሁን ግን ምለሃል።

[ምንዋጋው መንጠቆውን፣ ዓሣውን፣ ከዚያ ሚስቱን ያያል።]

ምንዋጋው፦ ለመሪጌታ ምን ልንላቸው ነው?

ጥሩሐረግ፦ እኔ «እሱ ነው የያዛቸው» እላለሁ። አንተ «ልጅቱን ይውሰዷት» ትላለህ።

ምንዋጋው፦ (ቀና ብሎ) በትልቁ መንጠቆ?

ጥሩሐረግ፦ በትልቁ መንጠቆ።

[ዓሣውን አንጠልጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ዳገቱን ይወጣል። ጥሩሐረግ እንስራዋን ሞልታ ወደ አንባቢ ትዞራለች።]

ጥሩሐረግ፦ እናንተዬ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰቆጣ ገበያ ስትወጡ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ግማሽ መቀነት የታጠቀች ልጅ «ዓሣዎቹን ማን ያዛቸው?» ካለቻችሁ፣ አደራ፣ «አባትሽ» በሏት። እውነቱ እዚህ ተጽፏል፤ ማንበብ ስትችል ራሷ ታገኘዋለች።