የቅዳሜው የካሜራ ሐኪም

ካሜራ ባለበት ሁሉ አንድ የካሜራ ሐኪም አይጠፋም። ሦስት ሰው ካሜራ አንግቶ ከቆመ አንደኛው እሱ ነው። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይነግሩት ያውቃል፣ ሕመሙን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መድኃኒቱን አዝዞ ጨርሷል። እናንተም በሠርግ ወይ በምረቃ ሳታገኙት አትቀሩም። የእኛው ግን ከሁሉም ይብሳሉ፤ ስለዚህ በአንቱታ ነው የማወራላችሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ካሜራ የያዝኩትም በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ልጄ አዲስ ገዝታ አሮጌዋን ስትሰጠኝ ነው። "እማዬ፣ ቁጭ ብሎ ከመቆዘም ይሻልሻል" ብላ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የሚሰበሰቡት ፎቶ ወዳዶች ዘንድ ወሰደችኝ። ጠረጴዛው ራስ ላይ ክቡርነታቸው፣ የእኛው ሐኪም፣ ተቀምጠዋል። በሙያቸው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ፊታቸው የተዘረጋው የቆዳ ቦርሳ ብሩሽ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ትርፍ ባትሪና ሲጨምቁት አየር የሚተነፍስ ትንሽ ጎማ ይዟል። የቀዶ ጥገና ክፍል ነው የሚመስለው።

"ጌታዬ፣ ይቺ ካሜራ..." አልኩ ገና ከመግባቴ።

"አይንኳት! ባትሪዋን ያውጡ። እስከ አሥር ይቁጠሩ። አሁን ይመልሱ።"

አወጣሁ፣ ቆጠርኩ፣ መለስኩ።

"እህ፣ ምን ሆና ነበር?" አሉኝ በድል አድራጊ ፊት።

"ምንም አልሆነችም። ማንገቻዋ አጠረኝ ልልዎት ነበር።"

ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ፀጉር ሠሪ ሳቋን በሁለት እጇ አፈነችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ነን።

እውነቱን መደበቅ ግን አልችልም፤ ሰውዬው ያውቃሉ። "ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቅር" ብለው መስታወቴን ከጉም አድነውልኛል። ከመሃላችን አንዱ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ እሳቸው ባነሡት ሰማይ ሁሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ስትወጣ፣ አስተማሪው ወፍ ናት ብለው ድርቅ አሉ። "ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ የምትቆም ወፍ!" አሉ ክቡርነታቸው። የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍተው ጎማዋን ሁለት ጊዜ ጨምቀው አቧራውን አራገፉና መለሱላቸው። "ወፍዎ በራለች።"

መከራው እሳቸው ሲሳሳቱ ነው፤ አይሳሳቱማ! አንድ ቅዳሜ ሁላችንንም ግቢ ደርድረው ለአርባ ደቂቃ ሲያስተካክሉን ቆዩ። አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ፈቀቅ። "ማንም እንዳይተነፍስ!" ብለው ቁልፉን ተጫኑ። ከዚያ ካሜራውን ከፍተው ቢያዩት ፎቶው የሚቀመጥበት ካርድ የለም። ቤታቸው ረስተውታል። ቆፍጠን ብለው "ይሄ ልምምድ ነበር" አሉ።

"ካርዱ ለልምምድ አልተጠራም እንዴ ጋሼ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ አወራለሁ እንጂ፣ አንድ ጊዜ በእሳቸው ትምህርት የተነሣ ልቤ ሊቆም ደርሶ ነበር።

እኔና ታላቅ እህቴ ባሎቻችንን ከቀበርን በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቤት ኖረናል። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አሰጣለሁ፤ እሷ ትቆጣለች፣ እኔ አኮርፋለሁ። በመጨረሻ የቤቱ ባለንብረት ሊያፈርሰው ሆነ። እኔን ልጄ ወሰደችኝ፣ እሷን ልጇ ሩቅ አገር ወሰዳት። እህቴ ካሜራ ካየች ፊቷን የምትሸፍን ሴት ናት። የመጨረሻዋን ከሰዓት በኋላ ግን ለምኜ ለምኜ፣ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ደረጃ ላይ፣ ስልሳ አንድ ፎቶ አነሣኋት። "አሳጥቤ እልክልሻለሁ" ብዬ ቃል ገባሁላት። ቤቱ በሳምንቱ ፈረሰ።

ያን ሰሞን የክቡርነታቸው ትምህርት ስለ ካርድ አያያዝ ነበር። "ፎቶ ልታነሡ ስትወጡ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ካርዳችሁን ፎርማት አድርጉ! ካርድም እንደ ሰሃን ታጥቦ ነው የሚቀርበው።" የቤት ሥራም ሰጡን፦ አንድ መስኮት አርባ ጊዜ። እኔ ደግሞ ታዛዥ ተማሪ ነኝ። ዓርብ ጠዋት ካርዴን እንዳሉት አጠብኩ፣ የልጄን የሳሎን መስኮት አርባ ጊዜ አነሣሁ። ቅዳሜ እህቴን ላሳያቸው ካሜራዬን ብከፍት መስኮት። ወደ ኋላ ብል መስኮት።

"እህቴ የለችም" አልኩ።

አስተማሪው "አጥፍተው ያብሩት" አሉ። ሌላው "ሌላ ፎቶ ያንሡበትና ይሞክሩት" አለ። ክቡርነታቸው ካሜራውን ከእጄ ቀበል አድርገው ካርዱን አወጡት።

"ከእንግዲህ አንድም ፎቶ አይነሣበትም። ሳይገለብጡ አጠቡት እንዴ እትዬ? እኔ እኮ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ ብያለሁ!"

"አላሉም" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

"ብያለሁ!"

"አላሉም ጋሼ። እርስዎ ያሉትን ሁሉ እጽፋለሁ።" ደብተሯን ገልጣ አነበበች፦ "ፎቶ ልታነሡ ስትወጡ ሁሉ ካርዱን ፎርማት። የቤት ሥራ፣ መስኮት፣ አርባ ጊዜ። ይኸው ነው።"

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር አይቻቸው አላውቅም፤ ዓይናቸው ትንሽ ነው፣ የደከመ ሰው ዓይን።

"ጠፍታለች?" አልኳቸው።

እኚህ ሰው ጥያቄ ሳያልቅ የሚመልሱ ናቸው። አሁን ግን ካርዱን አገላብጠው አዩት።

"አላውቅም" አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሁሉ ነገሩኝ፦ ካርዱ ሲታጠብ ዝርዝሩ ነው የሚጠፋው፤ ሥዕሉ ሌላ ፎቶ እስኪያርፍበት ድረስ እዚያው ተደብቆ ይቆያል፤ በኮምፒውተር ይፈለጋል። "ችግሩ አርባው መስኮት ነው። እሱንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ።" ካርዱን በሰዓት ማስቀመጫ ትንሽ ሣጥን ከትተው፣ ቦርሳቸውን እንኳ በወጉ ሳይዘጉ ወጡ።

ሰኞ በሱቃቸው ባልፍ ዝግ ነው። ማክሰኞም ዝግ። ጎረቤታቸው ባለ ፋርማሲዋ "ከውስጥ ናቸው፣ ሰው አያስገቡም። ታመው ይሆን?" አለችኝ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ የእህቴን ስልክ ሳላነሣ ቀረሁ። ምን እላታለሁ?

ረቡዕ ከሰዓት የልጄ ቤት በር ተንኳኳ። ክቡርነታቸው ናቸው፤ ጢማቸው አድጓል፣ በእጃቸው ትልቅ ፖስታ ይዘዋል። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ሃያ ሁለቱ ወጥተዋል እትዬ። የቀሩትን መስኮቱ በልቷቸዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። እህቴ ደረጃው ላይ፣ እህቴ የውሃ ቧንቧውን ስትዘጋ፣ እህቴ ከበሩ ጋር ስትሟገት። አልቅሼም ስቄም አልጠገብኩ። በመጨረሻ ከሁሉ የሚተልቅ አንድ ፎቶ አወጡ።

"ይቺኛዋ ከስልሳ አንዱ ውስጥ አይደለችም። ያን ቀን ራስዎ የሰረዟት ናት፤ ስፈልግ አብራ ወጣች።"

እውነት ነው፣ ሰርዣታለሁ። "ደብዛዛ ፎቶ ቦታ ከመያዝ ይሰረዝ" ብለው ራሳቸው ያስተማሩንን ሰምቼ። እህቴ ሻሿን አውልቃ ልትመታኝ እየሮጠች ነው። እጇ ጭስ መስሏል፣ ሻሿ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ፊቷን ግን አልሸፈነችም። ጥርሷ እስኪታይ፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ትስቃለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ስትስቅ በፎቶ አይቻት አላውቅም።

አሁን ፍጥነቱ ይህን ያህል ቢሆን፣ ብርሃኑ ከዚህ ቢመጣ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"እትዬ" አሉኝ፣ "ምን ብለዋቸው ነው እንዲህ የሳቁት?"

ጌታን፣ ከዚያ አፍ ለማወቅ ብቻ የተጠየቀ ጥያቄ ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው።

"'ሆድሽን ሳብ አድርጊው፣ ፎቶውን ለሽማግሌ ነው የምልከው፣ ልድርሽ ነው' አልኳት። ሰባ አራት ዓመቷ እኮ ነው።"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ ባዶውን ፖስታ ገለበጡ፣ ያልኩትን ቃል በቃል ጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝና፣

"ከዚያስ? ከዚያስ ምን አሏቸው?" አሉኝ።