እናንተ ጋ አለ?

መብራት በጠፋ ቁጥር ከጄኔሬተር ቀድሞ የሚነሳ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ሌላው ሻማ ሲፈልግ እሱ ስልኩን ይፈልጋል። መብራቱ የት ላይ እንደተቋረጠ፣ በምን እንደተቋረጠ፣ መቼ እንደሚመለስ ይናገራል፤ ባያውቅም ይናገራል። ወልድያም አለ፣ ደሴም አለ። የእኛ የቆቦው ግን ከሁሉም ይለያል፤ የእኛው እውነትም ያውቅ ነበር።

ስሙ ሙህዲን ነው። ከተማው በሙሉ ማዕረጉ ሲጠራው ክቡር አፈ ኮረንቲ ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ምሰሶ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የወጣው ግን ከመዝገቡ ነው እንጂ ከምሰሶዎቹ አይደለም። መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት ቀና ብሎ ሽቦውን ያያል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ፤ አዛኙ ሁሉ ሟቹን ትቶ ወደሱ ዞረ።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። ከቀትር በኋላ በዚያ በቆቦ ሙቀት የጣሪያው ማራገቢያ ቀስ እያለ ይቆማል። ሙህዲን ስልኩን አውጥቶ መጀመሪያ ጎብዬ ይደውላል፤ እዚያ የሻረግ የምትባል ባለ ሻይ ቤት አለችው። "እንደምን ዋልሽ የሻረግ፣ ቤተሰቡ ደኅና? እናንተ ጋ አለ?" ይላል። አለ ካለችው ጥፋቱ ከጎብዬ ወዲህ ነው። ቀጥሎ ከከተማው ወጣ ብሎ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት ለሚያለማው ለካሳው ይደውላል። የካሳው ፓምፕ ከቆመ ጥፋቱ በየትኛው ምሰሶ አካባቢ እንደሆነ በጣቱ ቆጥሮ ይነግራችኋል። የመብራት ቢሮ ሠራተኞች መሰላል ይዘው ሲደርሱ ሽቦ ነክታ የሞተች አሞራ እሱ ከጠቀሰው ምሰሶ ሥር ወድቃ ትገኛለች።

በመጨረሻ ዋጃ ይደውላል። ጥፋቱ በጎብዬ በኩል መሆኑን በመጀመሪያው ጥሪ ቢደርስበትም፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ያለችውን ዋጃን ሳይጠይቅ ውሎ አያውቅም። "ለማረጋገጥ ነው" ይላል። ከየሻረግ ጋር አንድ ደቂቃ፣ ከካሳው ጋር ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ማረጋገጡ ግን ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ዋጃ ያለችው ዘሊካ ናት። ባሏ ሞቶባት ወፍጮ ቤቱን ብቻዋን ታንቀሳቅሳለች። ሙህዲንም ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። የተዋወቁት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወፍጮዋ ሲያጓራ እንጂ ሲዞር አልታይ ባለ ጊዜ ነው። "የቤቱ አለ፣ የወፍጮው የለም" አለችው። ሙህዲን ይህን ሲሰማ ከሦስቱ ሽቦ አንዱ እንደተቋረጠ ገባው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ አጥርቶ ጥፋት የነገረው ደንበኛ አልነበረም፤ ከምሰሶው ወርዶም ይህንኑ አላት። ስልኳን የተቀበላት ለሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ይደውላል። መብራት ሲኖር ደውሎ አያውቅም፤ ደውሎስ ምን ሊል? በዚያ ክፉ የጦርነት ዓመት መብራቱም ስልኩም ለወራት ተቋርጦ ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት መጀመሪያ የደወለው ለእሷ ነው። "እናንተ ጋ አለ?" አላት። "የለም" አለች። "እኛም ጋ የለም" አለ። ከዚያ በኋላም ስልኩን አንዳቸውም አልዘጉትም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ለራሱ ይመስለዋል እንጂ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነበር።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ስክሪኑ የመጣው።

ስክሪኑን ያመጣችው ኢቅራ ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ መብራት ቢሮ የተመደበች ረጋ ያለች መሐንዲስ ናት። "ጋሽ ሙህዲን፣ እስካሁን የቆጣሪው መረጃ ለብቻው ነው፣ የመስመሩ መቆጣጠሪያ ለብቻው ነው፣ የደንበኛው አቤቱታ ለብቻው ነው" አለችው። "አሁን ሁሉም ይገናኛል። ቆጣሪው ራሱ ጠፋብኝ ብሎ ይናገራል፤ ስክሪኑ የት ላይ እንደሆነ በካርታ ያሳየኛል። የካሳው ፓምፕ ስንት ኃይል እንደሚወስድ እንኳ እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

"መደወል አያስፈልግም ማለት ነው?" አለ ሙህዲን።

"ማንም ለማንም አይደውልም" አለች ኢቅራ፤ ደስ የሚያሰኘው መስሏት።

ካርታው እንዲሠራ ምሰሶ ሁሉ መመዝገብ ነበረበት፤ ምሰሶዎቹን በሙሉ የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ኢቅራ ታብሌቷን፣ እሱ ባርኔጣውን ይዘው በባጃጅ ዞሩ። አፈ ኮረንቲ እያንዳንዱን ምሰሶ ከነታሪኩ ያስመዘግባል። ይህ ንብ የሰፈረበት ነው፤ ይህን ጎርፍ ወስዶት ከማሽላው መሐል ያወጣነው ነው፤ ከዚህኛው ላይ ሆኜ የልጄን መወለድ ሰማሁ። "ጋሼ፣ ለንብ የሚሆን ቦታ የለውም እኮ" ትላለች ኢቅራ፤ ቁጥሩን ብቻ ትጽፋለች።

ዋጃ የደረሱት በመጨረሻው ቀን ነው። ከዋናው መስመር ተገንጥለው በቁርቁራ ዛፎቹ ጀርባ የሚያልፉ አራት ምሰሶዎች አሉ። ጫፋቸው ላይ አንድ ትራንስፎርመር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የዘሊካ ወፍጮ ብቻ አለ። ኢቅራ ፀሐይዋን በእጇ ከልላ፣ "ከዚህ ወዲያስ ምን አለ?" አለች።

ሙህዲን ዛፎቹን አየ። ሁሉም ስክሪኑ ላይ ከገባ እሱ በምን ሰበብ ይደውላል? አንድ ቦታ እንኳ ለሱ ብትቀርለት ምናለ? በምሰሶ ጉዳይ ዋሽቶ የማያውቀው ሰው፣ "ምንም የለም። መስመሩ እዚህ ያበቃል" አለ። ኢቅራም ጻፈች። ስማርት ቆጣሪ የሚተከለው በዝርዝሩ መሠረት ስለነበር የዘሊካ አሮጌ ቆጣሪ እንዳለ ቀረ።

ስክሪኑ ሥራ ጀመረ። ባይሠራ ኖሮ ሙህዲን ይጽናና ነበር፤ ግን ሠራ። መብራት በጠፋ በአምስተኛው ደቂቃ ሠራተኞቹ መሰላል ጭነው ይወጣሉ። ሰው እሱን መጠየቅ ተወ። ሙህዲን ኢቅራ አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ ዋጃ ላይ ያልገባኝ ነገር አለ፤ እስኪ ይደውሉልኝ" እንድትለው ጠበቀ። አላለችም። ካርታው ላይ ስለሌለ ሰው የሚጠይቅ የለም፤ ይህን ግን አላሰበውም ነበር፤ የሚደውልበትን ሰበብ ሲጠብቅ ቀኑ ሄደ።

ታኅሣሥ ላይ በገበያ ቀን ቆቦ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አንዲት የሚያውቃት የዋጃ ሴት ማሽላዋን ከባጃጅ ስታወርድ አያት።

"ከዋጃ እዚህ ድረስ ለማስፈጨት?"

"ምን ላድርግ ብለህ ነው። የዘሊካ ወፍጮ ከቆመ ስምንት ቀን ሆነው" አለች። "ሰዉ ሁሉ እህሉን ይዞ ወደ አላማጣና ወደዚህ ሆኗል። ወላሂ፣ እንዲህ ከቀጠለች መዝጋቷ ነው።"

ሙህዲን እንዴት ቢሮ እንደደረሰ አያውቅም። ኢቅራ ስክሪኑን ወደሱ አዞረችለት፤ ዋጃ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። "ይኸው፣ ሁሉም ደኅና ነው" አለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስክሪንም ያው ነው። የተነገረውን ይዞ ነበር። የነገረው ደግሞ ራሱ ሙህዲን ነው።

"ከቁርቁራዎቹ ጀርባ አራት ምሰሶ አለ" አለ። "ትራንስፎርመርም አለ።"

"ረሱት?"

"አልረሳሁትም።"

ኢቅራ ቀና ብላ አየችው። ምን ለማለት እንደፈለገች እግዜር ይወቅ፤ ያለችው ግን "የማን ነው?" ብቻ ነው። ሲነግራት የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

ጥፋቱ አንድ ፊውዝ ነበር። ሁለቱ ሠራተኞች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀየሩት። ሙህዲን ጉልበቱ መሰላል ስለማይወጣ ከሥር ቆሞ ጠበቀ። ዘሊካ ከወፍጮ ቤቱ ወጣች፤ ነጠላዋ ላይ ዱቄት አልነበረም። ስምንት ቀን የዘጋ ወፍጮ ቤት ዱቄት ከየት ያመጣል? ይህን ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"ለምን አልደወልሽም?" አላት።

"አንተ ትደውላለህ ብዬ ነዋ፤ ካንተ ሌላ ለማን ነግሬ አውቃለሁ? መብራት ጠፍቶ አያ ሙህዲን ሳይደውል ቀርቶ ያውቃል?" አለች። "አንድ ቀን ጠበቅሁ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"ደውዬ ሌላ ሰው ቢያነሳውስ ብዬ። ሙህዲን የሚባል ሰው ነበር ቢለኝስ ብዬ።"

ሙህዲን ባርኔጣውን አወለቀ። አራቱን ምሰሶዎች ለምን እንዳላስመዘገበ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ዘሊካ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ "ገብቼ ልሞክረው" ብላ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች፤ ተቆጥታ ይሁን ሌላ፣ ከጀርባዋ መለየት አይቻልም ነበር።

ኢቅራ አራቱን ምሰሶዎችና ትራንስፎርመሩን በዚያው ቀን መዘገበች፤ በሳምንቱ ቆጣሪው ተቀየረ። አሁን የዘሊካ መብራት ቢጠፋ ከሙህዲን ቀድሞ ስክሪኑ ያውቃል። ትክክሉም ይህ ነው፤ እሱም ትክክል መሆኑን ያውቃል። ማወቁ ግን አላጠገበውም። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ያወጣል፣ ስሟ ላይ ያደርሰዋል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ናፈቀችው፤ ሌላ ስም የለውም። የእኛ ሰውም ማሾፉን ትቶ ማዘን ጀመረ። ማራገቢያው ሲቆም ወደሱ የምንዞር ሁሉ፣ የሚያናግረን ስለ መብራት ሳይሆን ስለ ሰው እንደነበረ የገባን ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ማራገቢያው እየዞረ ሳለ ስልኩ ጠራ።

"አያ ሙህዲን፣ እናንተ ጋ አለ?"

ቀና ብሎ ማራገቢያውን አየ። "አለ" አላት።

"አልሐምዱሊላህ። እኛም ጋ አለ።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ። ለማረጋገጥ ነው።"

ሙህዲን ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። አንድ ነገር ጎደለው፤ ከድምፅዋ ጀርባ የወፍጮው ጩኸት የለም። "ዘሊካ፣ ወፍጮው ቆሟል እንዴ? ፊውዙ ነው?"

"አብሽር፣ ፊውዙ ደኅና ነው" አለች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ድምፅህ አልሰማ ብሎኝ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆቦ መብራት ቢሮ ያለው ስክሪን ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ዋጃ፣ ወፍጮ፣ ኃይል መጠቀም አቁሟል፣ ይጣራ። ሠራተኞቹ መሰላሉን ለመጫን ሲነሱ ኢቅራ በእጇ ቁጭ በሉ ትላቸዋለች። ሰዓቷን አይታ "ታውቋል" የሚለውን ትጫንና ሻይዋን ትቀጥላለች።