ትንቢተኛው ቁርጭምጭሚት

ሰው ሲጨንቀው የማያማክረው የለም። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ እንቅልፍ በነሳን ሰሞን አዋሽ ላይ ያላማከርነው ፍጥረት አልነበረም፤ ውሻ ሲያላዝን ፍራሽ ይወጣል፣ ፍየል ሲደነብር ልጅ ይታቀፋል። በመጨረሻ ተራው የደረሰው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የእኔ ቀኝ እግር ነው።

ሳልወድቅ፣ ወለም ሳይለኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን ያመኝ ጀመር። ከዚያም ወደ ውስጥ እግሬ ይወርድና ጉንዳን የወረረው ይመስል ይነዝረኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ በቅቤ እሸው ያለኝም፣ ዓይን ነው ያለኝም አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአከራዬ በጋሽ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ፣ "ኧረ ዛሬስ እግሬን ነዘረኝ!" ብዬ ብድግ ከማለቴ መሬቱ ተናጠ። ሳሙናው ከመደርደሪያው ረገፈ። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው እዚህ በንግድ የሸበቱ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው፤ ሳሙናውን ትተው እግሬን አዩ።

"ያ አላህ! መምህር፣ እግርህ ቀድሞ አወቀ እኮ!"

ከዚያ ወዲያ እኔን ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ሰላምታው ሁሉ ለእግሬ ሆነ። ደህና ነው ካልኩ ሰፈሩ ቤቱ ይገባል፤ ነዘረኝ ካልኩ ፍራሽና ብርድ ልብስ ደጅ ይፈስሳል። አንድ ክፍል ተማሪ ዝም ማሰኘት የሚያቅተኝ ሰውዬ፣ ሰፈር በአንድ ጣቴ አዘዝኩ፤ ያውም በእግር ጣቴ! አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳይነዝረኝ መሬት ሲናጥ እንኳ "ደክሞት ይሆናል" ይሉልኛል።

ያስደነገጠችኝ የጋሽ ሰይድ ልጅ ዘሃራ ናት። መውለጃዋ ደርሷል። አንድ አመሻሽ ሆዷን ደግፋ መጣችና፣ "መምህር፣ ደጅ የወጠርነው ሸራ ውስጥ ሙቀቱ ገደለኝ። ዛሬ ቤት ልተኛ ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ። ዓይኗ እግሬ ላይ ነው። የሁለት ነፍስ ጉዳይ ለአንድ ቁርጭምጭሚት! "ውጪ ተኚ" አልኳት። በሳምንቱ ለመምህራን ሥልጠና ሰመራ ስሄድ፣ መንገድ ላይ ያለችውን አዳይቱን አልፈን ከተማው እስክንገባ ሲነዝረኝ ውሎ፣ ከመኪና እንደወረድኩ ሐኪም ፍለጋ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከስክስ ጫማዬን አስወልቃ ቁርጭምጭሚቴን ጫን ስታደርገው ንዝረቱ እስከ ጣቴ ጫፍ ሮጠ። ማሰሪያው የተወውን ሰንበር አየች።

"ይህን ጫማ ማታ ያወልቁታል?"

"እንዴት ተደርጎ! መሬት ከተነሳ የምሮጥበት ነው። ጥብቅ አድርጌ አስሬው ነው የምተኛው።"

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ነርቭዎ ታፍኖ ነው። አውልቀው ይተኙ፣ ይለቅዎታል። እግርዎ ምንም አያውቅም፤ እርስዎ ፈርተው ነው ያሰሩት።"

አዋሽ ተመልሼ እውነቱን ነገርኳቸው። ዘሃራ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ጋሽ ሰይድ ግን ሰው እንደሞተበት አቀርቅረው ሳሙናቸውን መደርደር ያዙ። እኔም በባዶ እግሬ መተኛት ጀመርኩ፣ ንዝረቱም ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ታዲያ አንድ እሁድ ቀትር ላይ ጋደም እንዳልኩ መሬቱ ተነሳ! እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ የአዋሽ አሸዋ እንደ ፍም ሲለበልበኝ ነው ራሴን ደጅ ያገኘሁት። ዘወር ስል ዘሃራ ከሸራዋ በር ቆማለች፣ ደህና ናት፤ ሰፈሩም ከኋላዬ እየጎረፈ ነው። ጋሽ ሰይድ ከሁሉም መጨረሻ ብቅ አሉና ባዶ እግሬን አይተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"ጫማ ነው ያለችው ሐኪም የት አለች? ወላሂ እግሩ ያውቃል! ጫማ ማጥለቂያ ጊዜ እንኳ አልሰጠውም!"

ሰፈሩ ሁሉ "እውነት ነው!" አለ። ምን ልበል? ሳፋ ውሃ አስመጥቼ የተለበለበ እግሬን ነከርኩና፣ ሹመቴን በጸጋ ተቀበልኩ።