የጉምቦው ጉድጓድና የሰሜኑ በረዶ

ትልቅ ነገር ሁሉ ከላይ ይመጣል ብለን ማመን እንወዳለን። ሹመት ከላይ፣ መመሪያ ከላይ፣ ቁጣ ከላይ። ከታች የሚመጣ ቢኖር ጉንዳን ነው። እኔም ሽንት ቤት እስካስቆፍር ድረስ እንዲሁ ነበር የማምነው።

ጁባ፣ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ጉምቦ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ዝናቡ እንዳባራ አንድ የጤና ኢንስፔክተር መጣና አሮጌ ሽንት ቤቴን ከሩቅ አየት አድርጎ፣ እስከ ዓርብ ጥልቅ የሆነ አዲስ ጉድጓድ ካላየ ቤቱን እንደሚያሽግ ነግሮኝ ሄደ። ስምንት ዓመት ሙሉ እሳት ፊት ቆሜ ያቆምኩት ቤት በጉድጓድ ምክንያት ሊወድቅ!

ቾልን አስጠራሁት። ቾል ጋምቤላ በስደት ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚጠራ፣ የአራት ልጆች አባት፣ ከቁመቱ የተነሳ ገና ሲቆም ግማሹን የለካ የሚመስል ቆፋሪ ነው። ማክሰኞ ጀመረ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከውስጥ ሆኖ፣ «እትዬ ዘነቡ፣ አፈሩ ተቀየረ!» አለኝ።

«አፈሩ ይቀየር፤ ዓርብ ግን አይቀየርም፤ ቆፍር!» አልኩት።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን እውነቱን ነው። ከላይ ደረቅ አሸዋ፣ ከሥሩ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሞላበት ጥቁር ጭቃ፣ መካከላቸው ያለው መስመር ደግሞ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

ይህን ምሳ ሰዓት ላይ ማውራቴ ነው ጥፋቴ። ደንበኛዬ ዶክተር ኛንዴንግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፈርና የድንጋይ ነገር ታስተምራለች፤ እሷም ኢትዮጵያ ነው ያደገችው። ወሬዬን ሳልጨርስ ሽሮዋን ትታ ብድግ። ደንበኛ ሽሮ ትቶ ወደ ሽንት ቤት ሲሮጥ ማየት ለምግብ ቤት ባለቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቀረው ተመጋቢ ሁሉ ሰሐኑን በጥርጣሬ ያየዋል።

ከጉድጓዱ ስትወጣ ቀሚሷ ጭቃ፣ ፊቷ ግን የሙሽራ ፊት ነበር። «እትዬ፣ ይኼ ቦታ ድሮ ረግረግ ነበር። ዝናቡ ደግሞ ቀስ እያለ የቀነሰ አይመስልም፤ ድንገት ነው የከዳው። እባክዎ እስከ ዓርብ ሲሚንቶ አያስነኩት» አለችኝ።

«ዓርብ እኮ ነው የሚያሽጉኝ!»

አስቀምጣ አስረዳችኝ። በጥንት ዘመን የምድር አየር ድንገት የተገለባበጠበት ጊዜ አለ። ብዙ ሊቃውንት ነገሩን የጀመረው የሰሜኑ በረዶ ነው፣ እኛ ሐሩር ላይ ያለነው ወሬው የደረሰን ብቻ ነን ይላሉ። የለም፣ የሐሩሩ ባሕርና ዝናብ መጀመሪያ ተነቃንቆ ሰሜንን ያናወጠበት ጊዜ ሊኖር ይችላል የሚሉም አሉ። ለክርክሩ ከእኛ አገር ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የሚቆፍር ግን የለም። «ማስረጃው ደግሞ በእርስዎ ሽንት ቤት ውስጥ ነው» አለችኝ። ንገሩኝ እስቲ፣ እንዲህ ተብሎ ማን እምቢ ይላል? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ቾል በቆፈረው ሳይንስ ገባ።

ዓርብ ጠዋት ለስብሰባ ከሰሜን አገር መጥቶ ጁባ የሰነበተ አንድ ኸዋጃ ይዛ መጣች፤ ጁባ ፈረንጅን እንዲህ ነው የምትጠራው። ፕሮፌሰር ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ ረግረጉ የደረቀው ዝናብ ቀርቶ ሳይሆን ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ይሆናል፣ ለማንኛውም መሪው ሰሜን ነው፣ ሐሩሩ ተከታይ ነው አለ። ዶክተሯ ስትተረጉምልኝ ደሜ ፈላ። በገዛ ጉድጓዴ አፋፍ ላይ ተከታይ ልባል?

«ወርዶ ይይ በዪው!» አልኳት።

ወረደ። እሷም ረጃፍ በሚባል ቦታ፣ ከወንዙ ርቆ ኮረብታ ሥር ካገኘችው ጉድጓድ ያነሳችውን ፎቶ ከላይ አቀበለችው። ያው መስመር፣ ያው ጭቃ። «ወንዙ ኮረብታም ወጥቷል?» አለችው። ኸዋጃው ፎቶውን ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር አስተያየ። በመጨረሻ ከጉድጓዱ፣ «ዕድሜው ይለካ። ማን እንደጀመረው እኔም አላውቅም» የሚል ቃል ወጣ።

ዶክተሯ ይህን ስትተረጉምልኝ እንባዋ መጣ። ለካ ይህችን አንዲት «አላውቅም» ለማግኘት ስንት ዓመት ደብዳቤ ስትጽፍለት ኖራለች! ቾል አጨበጨበ፤ እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ጎረቤት የሰርግ ነገር መስሎት ተንጋግቶ መጣ።

ኢንስፔክተሩም አብሮ ገባ። ኸዋጃው ጭቃ ውስጥ ቆሞ በሜትር ይለካል፣ ዶክተሯ ለምርመራ የሚሄደውን ጭቃ ቱቦ ውስጥ ትሞላለች፣ ሰፈሩ ያጨበጭባል። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። ልዋሽ? «ሽንት ቤቴ ነው» አልኩት።

ጉድጓዱን አየ፣ ኸዋጃውን አየ፣ እኔን አየ። «ማፊ ሙሽኪላ፤ ችግር የለም» ብሎ ቅጹ ላይ ጻፈና ፈርሞ ሰጠኝ። ሲሄድ ዶክተሯ እየሳቀች አነበበችልኝ፦ «መጸዳጃ ቤት፦ ጥልቀቱ በቂ ነው። ሥራው በዓለም አቀፍ ባለሙያ እየተካሄደ ነው። ሌሎች ምግብ ቤቶችም የራሳቸውን ፕሮፌሰር ያቅርቡ።»