ሊቀ ዝናብ ጋሽ ኃይለ መስቀል

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚያስተምር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ መኪና ያውቃል፣ ሌላው የመኖሪያ ፈቃድ። ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ለምናመልከው የፍራንክፈርት ምእመናን የደረሰን ግን የዝናብ ልብስ ሊቅ ነበር፤ ክቡር ጋሽ ኃይለ መስቀል።

እሑድ እሑድ በር ላይ ቆመው ሰላም ሲሉን እጃቸው ቀጥታ ወደ ጃኬታችን ስፌት ይሄዳል። ገልበጥ አድርገው ያዩና፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይሄ ያስገባል" ይላሉ። ጃንጥላ ለከተማ ነው፤ ተራራ የሚወጣ ሰው ሁለት እጁ ነጻ መሆን አለበት። ላብ የማያስወጣ ጃኬት ከውስጥ ያበሰብሳል። የቦርሳ ሽፋን ብቻውን አይታመንም፤ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። "ጥጥማ ጠላት ነው" ሲሉ፣ የሸማኔ ልጅ መሆናቸውን የምናውቅ ሰዎች መሬት መሬት እናያለን።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አንድ የመከር ቅዳሜ፣ ቦርሳችንን አዝለን ታውኑስ ተራራ ወጣን፤ የምናድረው ከጫካው ማዶ ነበር። ዝናቡ እመንገድ አጋማሽ ላይ ያዘን። ሃይም ከሚሉት የስደተኞች መጠለያ ገና የወጣችው አዲስዓለም የለበሰችው የጥጥ ጃኬት ነው። ከንፈሯ ጠቁሮ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሁላችንም ስብከቱን ጠበቅን።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ግን የራሳቸውን ጃኬት አውልቀው አለበሷትና ዚፑን እስከ አገጯ ዘጉላት። ከዚያ ከቦርሳቸው ትልቅ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል አውጥተው፣ ለራስና ለክንድ ቀደው አጠለቁት።

"ጋሼ፣ እርስዎስ?" አለች።

"ይሄን ልሞክረው ነው።"

ጥቂት እንደሄድን ጠጋ ብዬ "እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ያስገባል" አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ጃኬታችንን የሚገለብጥ ጠፍቶ በሰላም ገባን፤ ግን መዝሙሩ አልደምቅ አለን። ከአምልኮ በኋላ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጉንፋን ጥሏቸው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ግድግዳውን እያዩ ተኝተዋል። "እግዜር ይማርዎ" ብዬ ካፖርቴን እንደለበስኩ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

"ጋሼ" አልኩ በመጨረሻ፣ "የዝናብ ሱሪ ልገዛ አስቤ ነበር። ምን ዓይነት ይሻለኛል?"

ሱሪ የመግዛት ሐሳብ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉና በጣታቸው ወንበሩን አሳዩኝ።

"ቁጭ በል" አሉ በሚያፏጭ ድምፅ። "መጀመሪያ ነገር፣ ጫማህን ሳታወልቅ የምታጠልቀው መሆን አለበት።"

ካፖርቴን አውልቄ ተቀመጥኩ።