ክብርት ጥንቃቄና ታጣፊዋ ብስክሌት

የማይቸኩል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተሠራም። ሕንፃው ገና ቀለም ሳይቀባ እሱ ይቀጠራል። የመድኃኒቱን ወረቀት እስከ መጨረሻዋ መስመር ሳያነብ ክኒን የማይውጥ፣ በር ቆልፎ ሦስት ጊዜ ገፍቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ተመልሶ አራተኛ የሚገፋ፣ ወንበር ሲሰጡት እግሮቹን ቆጥሮ የሚቀመጥ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ከኋላው ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ በሆዳችሁ ምን እንዳላችሁ እናንተና ፈጣሪ ብቻ ታውቃላችሁ።

የአንድ መሥሪያ ቤት በር ጥበቃ ግን በሆዱ አይልም ነበር፤ አፍ አውጥቶ ነው የሚለው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ በር ላይ የቆመ፣ ፍተሻው ፈጣን፣ ቁጣውም ፈጣን የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሰው ዕጣው ያመጣበት መከራ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ሃምሳ ሰባት ነው። መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ይወዛወዛል። ቁመታቸው ከመዝገብ መደርደሪያው ሦስተኛ ረድፍ አያልፍም። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሕንፃው ረስቶታል፤ የሚያውቃቸው «ክብርት ጥንቃቄ» በሚል ማዕረግ ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው የግዢ ክፍሉ ቀልደኛ ሲሆን፣ ሹመቱም የጸደቀው አሳንሰር ውስጥ ነው። «ስድስት ሰው ይላል፤ እኛ ሰባት ነን» ብለው በሩን በክርናቸው ያዙና፣ መጨረሻ ላይ የገባው ሰው ካልወረደ አልለቅም አሉ። መጨረሻ ላይ የገባው የአስተዳደር ኃላፊው ነበር። ኃላፊው አራት ፎቅ በእግሩ ወጣ፤ ክብርት ጥንቃቄ በአሳንሰር ወጡ። ኃላፊው ይህን ረስቶታል የሚል ሰው ካለ ኃላፊውን አያውቀውም።

ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስ የቀረ ጊዜ ሁሉም አጉረመረመ። ማመልከቻ ተጻፈ፤ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ማመልከቻው የት እንደደረሰ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ክብርት ጥንቃቄ አላጉረመረሙም። ሦስት ቀን ታክሲ ተሰለፉ፤ በአራተኛው ቀን ሻንጣ የምታክል የታጠፈች ነገር ታቅፈው በሩ ላይ ደረሱ።

«እትዬ፣ ምንድን ናት ይቺ?» አለ ጥበቃው።

«ብስክሌት።»

«የማን?»

«የማን ትመስልሃለች? የእኔ ናት እንጂ። አሁን እዚያ ጥግ ሆኜ ነው ያጠፍኳት።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ታዲያ በየትኛው ዕድሜዬ ልንዳ ወንድምዓለም? ሌላ አለኝ እንዴ?»

የዚያን ቀን ሕንፃው ሌላ ወሬ አልነበረውም። እህታቸው ስልክ ደውላ አለቀሰች። የጽዳት ሠራተኛዋ እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው። ቀልደኛው ደግሞ መቼ ነው ክንፍ የሚያበቅሉት ብሎ ጠየቀ። ለሁሉም የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «መውደቅ ሊመጣ ይችላል። ባልተቆለፈ ብስክሌት ግን አልወድቅም።»

ጥበቃው ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ የገባው ማታ ነው።

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ብስክሌቷን ይዘው ወረዱ። በዚያ ግቢ ደልዳላ መሬት ያለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በሩ ፊት፣ መኪና የሚወጣበት ላይ። እዚያው አስቀመጧት። ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። የሻርፓቸውን ጫፍ ኮታቸው ውስጥ ወሸቁ። ማሰሪያዋን ፈቱ። ከመሃል የታጠፈውን አካሏን ሲዘረጉ ጣታቸውን ከመጋጠሚያው አራቁና፣ «ጣት እዚህ ከገባ ጣት አይደለም» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አይታወቅም። ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ መቆለፊያውን ተጫኑና ጆሯቸውን አስጠጉ። ቀጭ! ራሳቸውን ነቀነቁ። ያም አልበቃ፤ ጎትተው ሞከሩት። ከዚያ መሪውን አቆሙ፤ ቆለፉ፤ ግራና ቀኝ ወዘወዙ። የኮርቻውን ዘንግ ሳቡ፤ ዘንጉ ላይ የተጫረችው መስመር ብቅ ስትል ከልክ አልፏል ብለው መልሰው አወረዱት። ፔዳሎቹን ዘረጉ፤ የፊቱን ፍሬን ያዙ፤ የኋላውን ያዙ፤ ጎማዎቹን በአውራ ጣት ተጫኑ። በመጨረሻ ከመሬት ትንሽ አንስተው ለቀቋት፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ሊሰሙ።

ስምንት ደቂቃ። ጥበቃው በሰዓቱ ይዞታል።

ይህ ነገር በየማታው ሆነ። ከኋላቸው መኪና ይሰለፋል፤ ጡሩንባ ይጮኻል፤ ሴትዮዋ ቀና አይሉም። አንድ ቀን የአስተዳደር ኃላፊው ራሱ መስኮት አውርዶ «እባክዎ!» ቢላቸው፣ «መኪናዎ ፍሬን አለው አይደል? ይያዙት» አሉት። ጥበቃው የዚያን ቀን ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞረው ሳቁን ለመደበቅ ይሁን ንዴቱን፣ ለራሱም አልገባውም።

ንዴት ግን ነበረው። ኃላፊው ጡሩንባ ሲነፋ የሚገላመጠው እሱ ነዋ! «እትዬ፣ ትናንትና የቆለፉት ዛሬም ያው ነው እኮ» ይላቸዋል። «ትናንትና ትናንት ነው» ይሉታል፤ ያበቃል።

አንድ ማታ ክብርት ጥንቃቄ ስብሰባ ቆዩ። ብስክሌቷን በጊዜ አውርደው ጥበቃ ቤቱ አጠገብ ትተዋት ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ስብሰባው አብቅቶ መኪኖቹ መሰለፍ ጀምረዋል። ጥበቃው ዛሬስ እገላገላለሁ ብሎ ብስክሌቷን ራሱ ዘረጋት። ዘጠኝ ወር ሙሉ አይቷል፤ ምን ያቅተዋል? መሃሏን ገጠመ፤ መቆለፊያውን መታ መታ አደረገ፤ መሪውን አቆመ፤ ኮርቻውን ሳበ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። ሴትዮዋ ሲወርዱ ብስክሌታቸው እንደ ሙሽራ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ቀጥለው ቀለበታቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ አሉ፤ ብስክሌቷን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ቀልደኛው «ክብርት ሆይ፣ የመንግሥት ምርመራ ነው ወይስ የግል?» ብሎ ጮኸ። የጥበቃው ጆሮ ጋለ። ሰው ደግ ሥራ ሠርቶ በአደባባይ ይዋረዳል? ወደ እሳቸው ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ እኔን አያምኑኝም ማለት ነው?» አለ፤ ጥርሱን ነክሶ።

 እሳቸው በእጃቸው ወደ መጋጠሚያው ጠቆሙት። የመሃሉ መቆለፊያ ገብቷል፤ ግን አልያዘም። በትንሿ ጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ከቦታው ወጣ፤ ብስክሌቷም ከመሃሏ እጥፍ ልትል ተንገዳገደች።

ከበሩ ውጪ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። አሸዋ የጫኑ መኪኖች ይወርዱበታል። ጥበቃው ቁልቁለቱን አየ፤ መቆለፊያውን አየ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ምን ሆና ነው?» አለ ቀልደኛው ከኋላ። «ተበላሸች?»

ጥበቃው መቆለፊያውን በመዳፉ ሸፈነው። ክብርት ጥንቃቄ ግን ቀና ብለው፣ «ምንም አልሆነች። ልማዴ ነው፤ የአሮጊት ነገር ታውቀው የለ» አሉ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ ሁሉንም እሳቸው ላይ አራገፉት፤ እሳቸውም ተሸከሙት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለጥበቃው ብቻ፣ «ቀጭ ካላለ አልተቆለፈም። ና፣ ጆሮህን አስጠጋ» አሉት። አስጠጋ። ቀጭ ሲል ሰማ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ይህ በሆነ በሳምንቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ብስክሌት ይዞ ወደ ግቢ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ኃላፊው ጥበቃውን ጠርቶ፣ «እሳቸውን ካስገባህ አንተም በዚያው ትወጣለህ» አለው። ሕንፃው ውስጥ ብስክሌት ያላቸው ሰው አንድ ብቻ ናቸው።

ጠዋት ክብርት ጥንቃቄ የታጠፈች ብስክሌታቸውን ይዘው ደረሱ። መነጽራቸውን አደረጉ። ማስታወቂያውን አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። «ማኅተሙ ተዘቅዝቋል» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ታዝዤ ነው።»

«አውቃለሁ ወንድምዓለም፣ አልቀየምህም። ግን ልንገርህ፤ እሷን መንገድ ላይ ጥዬ አልገባም፤ ወደ ቤቴም አልመለስም።»

«ታዲያ ምን ሊሆኑ ነው?»

«እቆማለሁ።»

ቆሙም። ብስክሌታቸውን በእግራቸው ደግፈው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ እንደ ተተከለ እንጨት። ሠራተኛው በአጠገባቸው አለፈ፤ ግማሹ አንገቱን ደፋ፣ ግማሹ ሰላም አለ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ እሳቸው ጋ ስለሆነ ከላይ ስልክ ይደወል ጀመር፤ የትናንቱ ፋይል የት ነው፣ ውሉ የት ነው እየተባለ። ካፊያ ጀመረ። ጥበቃው ጥላ ዘረጋላቸው። «ግዴለም፣ አልሟሟም» አሉት።

ጥበቃው ወደ ማስታወቂያው ዞረ፤ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ሁለት ልጅ ያሳድጋል፤ ከዚህ በር ሌላ በር የለውም። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እሱን ከመዋረድ አድነው ውርደቱን ለራሳቸው የወሰዱት እነዚህ ሴትዮ አሁን ካፊያ እየመታቸው ነው። ብረቱን ሳበና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ይግቡ እትዬ።»

«ሥራህስ?»

«ሥራዬ ሰው መጠበቅ ነው። ይግቡ!»

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ኃላፊው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ቀልደኛውና ሌሎችም ተከትለውት ወረዱ። «ማን ነው ያስገባቸው?» አለ፤ ያስገባውን እያየ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«እሱን ይተዉት፣ እኔ ነኝ ገፍቼ...» ሊሉ ጀመሩ ክብርት ጥንቃቄ።

«እትዬ፣ ዛሬስ እኔ ልናገር!» አለ ጥበቃው። ድምፁ እሱኑ አስደነገጠው። «ጌታዬ፣ ባለፈው ሁላችሁም የሳቃችሁ ጊዜ ብስክሌቷን ዘርግቼ ያቆምኳት እኔ ነበርኩ። መሃሏ አልተቆለፈም ነበር። እሳቸው እንደገና ባይፈትሿት ኖሮ ያቺን ቁልቁለት ሲወርዱ ለሁለት ትታጠፍ ነበር፤ ከኋላቸው ደግሞ የአሸዋ መኪና አለ። ያን ሁሉ ስትስቁባቸው ጥፋቱ የእሱ ነው አላሉም። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን ካባረሩኝ ያባርሩኝ፤ እኚህን ሴት ግን መንገድ ላይ አላቆምም። ስምንት ደቂቃ ነው የሚፈጅባቸው፤ ስምንት ደቂቃ መጠበቅ የሚያቅተው ሰው መኪናውን ትቶ በእግሩ ይውጣ!»

 ቀልደኛው ጫማውን ያይ ነበር። ቀና ብሎ፣ «እኔ እጠብቃለሁ» አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። «እኔም» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ፤ መኪና ኖሯት አይደለም። ኃላፊው ዙሪያውን ተመለከተ። ከላይ ደግሞ ፋይሉን የሚፈልጉ ሰዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል።

«ለዛሬ ብቻ» አለና ተመልሶ ወጣ። ያ «ለዛሬ ብቻ» እነሆ እስካሁን አላለቀም።

የዚያን ዕለት ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ክብርት ጥንቃቄ ደልዳላው ቦታ ላይ ብስክሌታቸውን ዘረጉ። መኪኖቹ ተሰልፈው ጠበቁ፤ ጡሩንባ የነካ የለም። ጥበቃው በልማዱ ሰዓቱን ያዘ። ስምንት ደቂቃ አለፈ፤ ዘጠኝ፤ አሥር። ምን ነካቸው ብሎ ቀረብ አለ። መቆለፊያውን ሁለት ጊዜ ስተውታል።

«እትዬ፣ ጠዋት ፈርተው ነበር እንዴ?»

«ጠዋት ብቻ?» አሉ፤ ዓይናቸውን ከመጋጠሚያው ሳያነሱ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ነው የምፈራው። ያቺን ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር ልመለስ ልመለስ ይለኛል። ታዲያ ለምን ይመስልሃል ይኼን ሁሉ የምፈትሸው? የማይፈራ ሰውማ ዘርግቶ ይሄዳል።» መቆለፊያውን ተጫኑት፤ ያዘ። «መፍራቱን እፈራለሁ። ፈርቼ ቀርቼ ግን አላውቅም።»

ቦርሳቸውን በትከሻቸው አጠለቁ። ኮርቻው ላይ ወጡ፤ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ግራ አዩ። ከዚያ ተነሡና ቁልቁለቱን ያዙት፤ ጀርባቸው ቀጥ፣ ክርናቸው ገባ ብሎ፣ አንድ የአሸዋ መኪና እያጓራ ከጎናቸው ሲያልፍ ከመስመራቸው ጣት ያህል ሳይነቃነቁ።

ጥበቃው ቦታውን ለቆ መሃል መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። እጁን አንሥቶ አውለበለበ። ክብርት ጥንቃቄ ዞረው አላዩትም፤ መሪ ጨብጠው ወደ ኋላ የሚያዩ ሰው አይደሉም። እሱም ይህን ያውቃል። ቢሆንም መታጠፊያው ጋ ደርሰው እስኪሰወሩ ድረስ እጁን አላወረደም።